የማን ዕንባ?

የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ና የአቤ ጉበኛን «አንድ ለናቱ» አርዕስታቸውን ብቻ እንይ፦ መንግሥት ሲነሣም ሲወድቅም የሚታየን አንድ ሰው ነው። በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫነው፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጡን የጠጣው ጀግና ያስለቅሳል፤ እኔንም አስለቅሶኛል።

ታዲያ ክረምቱን ሱሉልታ፣ ቤታችን፣ ታሪኩን ሳወራላት እናቴ «ያን ሁሉ ጦር ማን አበላው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ሴባስቶፖልን መቅደላ ድረስ የጎተተው ትከሻ፣ ጎተራው በወታደር የተራቆተው ገበሬ በድርሰቶቻችን ዳር ዳሩን ነው የሚሄዱት። ያ መንግሥት ግን ናፒየር ሳይደርስ ነበር ከሥሩ የተናደው፤ አገሩ ሸፍቶበት፣ ገበሬው ተሟጦ።

ለንጉሡ ዕንባ አንንፈግ። የገበሬውን ዕንባ የሚጽፍ ብዕር ግን ከኛው መካከል ይውጣ።