ከቆዳው ሳይሆን ከአገዳው፦ በኤሪክ ዊሊያምስ «ካፒታሊዝምና ባርነት» ላይ የቀረበ ሂስ

በስደት በምንገኝ ተማሪዎች ዘንድ ስለ አፍሪቃ ታሪክ ውይይት በተነሣ ቁጥር ስማቸው ከሚጠራ መጻሕፍት አንዱ የኤሪክ ዊሊያምስ «ካፒታሊዝምና ባርነት» ነው። ስሙ የሚጠራውን ያህል ግን የሚነበብ አይመስልም። ብዙውን ጊዜ፣ ዘረኝነት የባርነት ልጅ እንጂ አባት አይደለም የሚለው ሐሳብ ብቻ ተነቅሎ ይጠቀስና ክርክሩ ይዘጋል። የዚህ ሂስ ዓላማ መጽሐፉ ምን እንዳስረዳ፣ የት ላይ እንደሚያነክስ፣ እኛስ ከእርሱ ምን ልንማር እንደሚገባን መመርመር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዊሊያምስ በ1911 በትሪኒዳድ ተወልዶ፣ በ1938 ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕረግ አግኝቶ፣ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ በኋላም በ1981 እስከ ሞተ ድረስ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ ምሁር ነው። መጽሐፉ በ1944 በአሜሪካ ታተመ፤ በእንግሊዝ አገር ግን እስከ 1964 ድረስ አልታተመም። ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። እንግሊዝ ባርነትን ያስቀረችው በርኅራኄ ተነሣሥታ ነው እየተባለ ለትውልድ ሲተረክ የኖረውን ታሪክ መጽሐፉ ከሥሩ ነቅንቆታልና።

የመጽሐፉ መነሻ ጥያቄ ቀላል ነው፦ አፍሪቃዊው ለምን ባሪያ ሆነ? የዊሊያምስ መልስ ከቆዳው ሳይሆን ከአገዳው ይጀምራል። በአዲሱ ዓለም መሬት ሞልቷል፤ የጠፋው ሠራተኛ ነው። ነጻ ሰው ደግሞ የራሱን መሬት አቅንቶ መኖር እየቻለ ለሌላው በደመወዝ አያርስም። ስለዚህ ባለ እርሻው ጉልበትን በግድ ማሰር ነበረበት። በመጀመሪያ የምድሪቱ ተወላጆች ተገደዱ፤ በሥራው ጭካኔና በበሽታ አለቁ። ቀጥሎ የአውሮፓ ድኾች መጡ፤ ለተወሰኑ ዓመታት በውል የታሰሩ፣ ከእስር ቤት የተጋዙ፣ ከወደብ ከተማ መንገድ ላይ የታፈኑም ነበሩባቸው። እነዚህ ግን ውላቸው ሲያልቅ መሬት ይጠይቃሉ፤ ቢኮበልሉም ከሌላው ነጭ ተለይተው አይታወቁም። አፍሪቃዊው ግን ዕድሜ ልኩን፣ ከሚወልደው ልጅ ጋር፣ ይገዛ ነበር፤ መልኩም በሸሸበት ሁሉ ያጋልጠዋል። ለአንድ ነጭ የጥቂት ዓመታት ጉልበት የሚከፈለው ገንዘብ የአፍሪቃዊውን ሙሉ ዕድሜ ይገዛ እንደነበር ደራሲው በሒሳብ ያሳያል። የሰውን ዘር በደረጃ የሚደረድረው ትምህርት የመጣው ከዚህ ሒሳብ በኋላ፣ ሒሳቡን ለማጽደቅ ነው።

የስኳርን ሥራ ጠባይ ያላወቀ ይህን ክርክር በሙሉ አይረዳውም። አገዳ ተቆርጦ ፈጥኖ ካልተጨመቀ ይበላሻል፤ በመከር ወራት መጭመቂያው ሌት ተቀን ይዞራል፤ የማፍያው እሳት አይጠፋም። ባርቤዶስ ከ1640ዎቹ ጀምሮ በአገዳ ስትሸፈን ትንንሾቹ ገበሬዎች ተነቀሉ፤ ምድሪቱም የጥቂት ከበርቴዎች ሆነች። ሞት ከልደት በለጠ፤ ጎዶሎውም በመርከብ ተሞላ። ወደ እንግሊዝ የካሪቢያን ግዛቶች ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ አፍሪቃውያን ተግዘው ሳለ፣ በ1834 ነጻነት ሲታወጅ በዚያ የተገኙት ባሮች ከ700,000 ያነሱ ነበሩ። ይህ አኃዝ ከስብከት ሁሉ ይልቅ ይናገራል።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ድክመቶቹ እንለፍ። ዊሊያምስ እንደሚለው፣ አሜሪካ ነጻ ከወጣች በኋላ የእንግሊዝ የስኳር ግዛቶች እያሽቆለቆሉ ሄዱ፤ አዲሱ የኢንዱስትሪ ከበርቴም ሸክም ሲሆኑበት ጣላቸው። ሴይሞር ድሬሸር በ1977 ባወጣው ጥናት ይህን ተቃውሟል፤ በእርሱ ስሌት እንግሊዝ በ1807 የባሪያ ንግድን ስትከለክል ንግዱ ገና ትርፋማ ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ ተቃውሞ ክብደት አለው። ዊሊያምስ ከትርፍ ወደ ሕግ የሚዘረጋው መስመር ከመጠን በላይ ቀጥ ያለ ነው፤ በመካከሉ የሕዝብ ንቅናቄና የፓርላማ ትግል እንዳሉ አንባቢው ይዘነጋል። ይሁን እንጂ ተቃዋሚዎቹ የድሮውን የርኅራኄ ታሪክ ሊመልሱት አይችሉም። መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ የመደበው ለባለቤቶቹ ነው፤ ነጻ ለወጡት ግን ሰባራ ሳንቲም አልሰጠም፤ እንዲያውም እስከ 1838 ድረስ «ሥራ ለማጆች» በሚል ስም ለጌቶቻቸው አስገበራቸው። ከዚያም በኋላ ባለ እርሻዎቹ ጉልበት ፍለጋ ወደ ሕንድ ዞሩ፤ እስከ 1917 ድረስ ወደ ትሪኒዳድ ብቻ ከ140,000 የሚበልጡ ሕንዳውያን በውል ታስረው ተጓዙ። ባርነት ቢሻርም የታሰረ ጉልበት ፍላጎት አልተሻረም።

ሁለተኛው ድክመት ባሮቹ ራሳቸው ዘግይተው መምጣታቸው ነው። የ1816ቱ የባርቤዶስ፣ የ1823ቱ የዴመራራና የ1831ዱ የጃማይካ ዓመፆች የሚነሡት በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ ነው። የዊሊያምስ መምህር የነበረው ሲ. ኤል. አር. ጄምስ በ1938 ስለ ሃይቲ አብዮት ባሳተመው ሥራ ግን የአገዳው ሠራተኛ የታሪኩ ባለቤት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያላነበበ ግማሹን ብቻ ያነብባል።

ሦስተኛውና እኛን በይበልጥ የሚመለከተው ድክመት የአፍሪቃ አለመኖር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አፍሪቃዊው ከመርከብ የሚወርድ ቁጥር ነው፤ ማን ፈነገለው? ማን ሸጠው? ይህን ክፍተት በ1972 «አውሮፓ አፍሪቃን እንዴት ወደኋላ አስቀረች» በሚል ሥራው ለመሙላት የጣረው ዋልተር ሮድኒ ነው። አንዳንድ ጓዶች ዊሊያምስን እንደ ጋሻ ይዘው፣ ባርነት የባዕድ ሥራ ነው፣ የእኛው ለዘብ ያለ የቤት አገልግሎት ነበር ይላሉ። ነገር ግን ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ የተፈነገሉት ሰዎች በመተማ፣ በምጽዋና በታጁራ በኩል ሲነዱ ፈንጋዩም፣ ነጋዴውም፣ ቀረጥ ተቀባዩም ከመካከላችን ነበሩ። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ልታጠፋ ቃል ገባች፤ በ1924 ደንብ ወጣ፤ ፈጽሞ በአዋጅ የተሻረው ግን በ1942 ነው። ገበያውም ከዓለም ገበያ የተነጠለ አልነበረም፤ በ19ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ዕንቁ የጠለቁና ተምር የለቀሙ ብዙ አፍሪቃውያን ባሮች የላባቸው ፍሬ እስከ አውሮፓና አሜሪካ ድረስ ይሸጥ ነበር። «ባሪያ» የሚለው ቃልም ዛሬም ድረስ በአማርኛችን የመልክ ስድብ ሆኖ ይኖራል። ንግዱ ቀረ፤ ስሙ ግን ቆዳ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ለዊሊያምስ ክርክር ከዚህ የቀረበ ምስክር አናገኝም።

ስለዚህ መጽሐፉ ጋሻ ሳይሆን መመርመሪያ ነው። ጥቅስ ለመልቀም ሳይሆን ዘዴውን ለመማር እናንብበው፦ ጉልበቱን የፈለገ ማን ነው? ያቀረበውስ? ዋጋውን የተቀበለውስ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በሌላው ታሪክ ላይ ለመጠየቅ የደፈረ፣ በራሱም ታሪክ ላይ ሊጠይቃቸው ግዴታ አለበት።