«1984» የተሰኘው ልብ ወለድና የግል ሕይወት ስም

ጆርጅ ኦርዌል በ1949 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «1984» የተሰኘው ልብ ወለድ በክፍል ውስጥ ሲነበብ፣ ብዙውን ጊዜ የተማሪው ዓይን የሚያርፈው በግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቴሌስክሪን ላይ ነው። ይህ መሣሪያ ሥዕልና ድምፅ ያሰራጫል፤ በዚያው ጊዜም ከፊቱ ያለውን ሰው ያያል፣ ይሰማል። ድምፁን መቀነስ ይቻላል እንጂ ተራው የፓርቲ አባል ጨርሶ ሊያጠፋው አይችልም። «ግድግዳ ጆሮ አለው» ሲባል ላደገ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ስለሆነም መጽሐፉ ስለ ካሜራና ስለ ስልክ አስቀድሞ የተነገረ ትንቢት ተደርጎ ይወሰድና ውይይቱ በዚሁ ያበቃል። ይህ አነባበብ ስሕተት ባይባልም የመጽሐፉን ዋና ጉዳይ አልፎት ይሄዳል።

ዋናው ጉዳይ ቋንቋ ነው። ኦርዌል በፈጠረው አገር ገዢው ፓርቲ «አዲስ ንግግር» ሊባል የሚችል ቋንቋ ያዘጋጃል፤ የቃላቱም ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነ ይሄዳል። ከመዝገበ ቃላቱ አዘጋጆች አንዱ የሆነው ሳይም ቃላትን ማጥፋት ያማረ ሥራ መሆኑን በኩራት ይናገራል። በመጽሐፉ መጨረሻ የተጨመረው አባሪ እንደሚያስረዳው፣ «ነጻ» የሚለው ቃል እንዲኖር የተፈቀደለት ውሻው ከቅማል፣ ማሳው ከአረም ነጻ መሆኑን ለመግለጽ ብቻ ነው። ለቋንቋ መምህር ከዚህም ይልቅ ሊያሳስበው የሚገባው ግን ደራሲው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሶ የሚያልፈው ሌላ ቃል ነው። ብቸኝነትን መውደድ፣ ለብቻ በእግር መንሸራሸር እንኳ፣ በዚያ ቋንቋ «የራስኑሮ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ስም ተሰጥቶታል፤ ትርጓሜውም ግለኝነትና አፈንጋጭነት ነው። የግል ሕይወት እንደ ክቡር ነገር የሚጠራበት ስም ጠፍቶ እንደ ጥፋት የሚጠራበት ብቻ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህን ያነበበ ሰው ወደ አማርኛ ቢመለስ የሚመረምረው አያጣም። «ገመና» የቆየና ክብደት ያለው ቃል ነው፤ ነገር ግን ገመና የሚሸፈነው ቢገለጥ የሚያሳፍር በመሆኑ ነው። «ምስጢር»ም ቢሆን የሚደበቅ ነገር መኖሩን ያመለክታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 «የግል ሕይወት»ንና «ግላዊነት»ን ይጠቅሳል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታን የሚጠብቅ አዋጅ ወጥቷል። ሆኖም እነዚህ ቃላት ገና ከሕግ መጽሐፍ ወጥተው ከቡና ገበታ አልደረሱም። ነውር ባይኖርበትም የባለቤቱ ስለሆነ ብቻ ሊከበር ይገባል የሚለው ሐሳብ በዕለት ንግግር የሚያርፍበት ቃል አላገኘም። «ምን የምትደብቀው ነገር አለህ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያሳጣው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጠያቂው የሚያውቀው ገመናን እንጂ ግላዊነትን አይደለምና።

ይህ ሁሉ ሲባል መጽሐፉ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። በኦርዌል አገር ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው ሠራተኛ መደብ በአብዛኛው ቴሌስክሪን እንኳ የለውም፤ ድኻው ሊሰለል የማይገባው ከንቱ ሆኖ ተቈጥሯል። ዛሬ ግን ርካሽ ስልክ የያዘውም ሰው ይመዘገባል፤ መሣሪያውንም በገዛ ገንዘቡ የሚገዛው እርሱ ራሱ ነው። ደራሲው አስገዳጁን አይቷል፤ «እስማማለሁ» የሚለውን ቁልፍ ግን አላየም። በዚያ ቁልፍ ላይ የሚጻፈው «አገልግሎታችንን ለማሻሻል» የሚለው የለሰለሰ አነጋገር በየትኛውም የንባብ ክፍለ ጊዜ ከአባሪው ጎን ቢቀርብ የሚገባው ጽሑፍ ነው። የጋዜጣውም ነገር እንዲሁ ተገልብጧል። ዊንስተን ስሚዝ በእውነት ሚኒስቴር ተቀምጦ የድሮ ጋዜጣ እያረመ ያሳትማል፤ የቀድሞው ቅጂ ይቃጠላል። የዛሬው ችግር በአመዛኙ የሚቃጠል ነገር አለመኖሩ ነው።

ይህ ከትምህርት ቤት የራቀ ጉዳይ አይደለም። የተማሪዎችን ውጤት ከነስማቸው በግድግዳ መለጠፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ያ ወረቀት ግን ዝናብ ይመታዋል፣ በክረምት ይቀደዳል። በቴሌግራም ቡድን የተላከው ዝርዝር አይቀደድም። ከሃምሳ ተማሪ ሃምሳኛ የወጣ ልጅ፣ አድጎ ሥራ ሲፈልግም ያ ቍጥር በማያውቃቸው ሰዎች ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ዝርዝሩን የላከው መምህር ክፋት አስቦ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ የሠራውን የሚጠራበት ቃል ግን የለውም።

በልብ ወለዱ ውስጥ የፓርሰንስ የሰባት ዓመት ልጅ በቁልፍ ቀዳዳ አድምጣ አባቷን ለፖሊስ ትጠቁማለች። አባትየው ታስሮም እንኳ አይቈጣትም፤ በሚገባ እንዳሳደጋት እየተናገረ ይኮራባታል። መምህሩ ይህን ገጽ ጮክ ብሎ ካነበበ በኋላ ለተማሪዎቹ አንድ ጥያቄ ቢያቀርብ ይበቃል፦ ልጅቱ የሠራችው ምን ይባላል?