ያረጀ ውሻ በቤቱ ሲሞት

በአዲስ አበባ ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ግቢዎች አብዛኛው ውሻ የሚኖረው በር ጠባቂ ሆኖ ነው። የሚያበላውና መታመሙን ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት። ስለዚህ ያረጀ ውሻ እንዲያይ የተጠራ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው፤ ምግብ መተው የጀመረው መቼ እንደሆነ፣ ሌሊት ያቃስት እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

ከሁሉ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ጥርጣሬ ይጣራል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ በቤት አይስታመምም፤ ማቀፍና መሰናበትም የለም። ሰው የነከሰ ውሻ ጤነኛ ከመሰለ ለ10 ቀን ተለይቶ ይታያል። በዚህ መካከል ከሞተ ጭንቅላቱ ለምርመራ ወደ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል።

የተቀረው እርጅና፣ ካንሰር፣ የኩላሊት ድካም፣ በተለይም በጀርመን ሸፐርድ ላይ የሚበረታው የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ የክረምት ሌሊት በሲሚንቶ ላይ ለሚተኛ ሽማግሌ ውሻ ብርዱ ራሱ ስቃይ ነው። ከመርፌ በፊት የሚያስፈልገው ወፍራም ፍራሽ፣ ዝናብ የማያገኘው ጥግና አፉ አጠገብ የተቀመጠ ውኃ ነው። መነሣት ያቃተው በየጥቂት ሰዓቱ ጎኑ ይለወጥለታል፤ ሽንት የነካው ፀጉር ታጥቦ ይደርቃል። ይህ ካልተደረገ ቆዳው ይቆስላል፤ ቁስሉም ዝንብ ይጠራል። ለሰው የታዘዘ ማስታገሻ ግን አይሰጠው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፤ ድመትን ደግሞ ለመግደል አንዲት የፓራሲታሞል ኪኒን ትበቃለች።

ውሻውን በመርፌ ከስቃይ የማሳረፊያው ጊዜ መድረሱን መወሰን ከሙያው ሁሉ ይከብዳል። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ካንሰር ሐኪም አሊስ ቪላሎቦስ ያዘጋጁት መለኪያ ሕመምን፣ ምግብን፣ ውኃን፣ ንጽሕናን፣ ደስታን፣ መንቀሳቀስን እንዲሁም ከመጥፎ ቀን ደጉ መብዛቱን እያንዳንዳቸውን ከ10 ይመዝናል፤ ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ እንክብካቤው ሊቀጥል ይችላል። ባለቤቱ፣ ልጆቹና ዘበኛው ለየብቻ ቢሞሉት ይመረጣል። ውጤታቸው እጅግ ከተራራቀ ያ ቤት ገና አልተነጋገረም ማለት ነው። በጥቅሉ ቤተሰብ ከሚቸኩል ይልቅ የሚዘገይ ይበዛል፤ ለመዘግየቱ የሚከፍለውም ውሻው ነው።

ቀኑ ሲደርስ ውሻው ከለመደው ቦታ አይነሣም። መጀመሪያ በጡንቻ የሚያደነዝዝ መርፌ ይወጋል፤ እንቅልፉ እስኪጸና ባለቤቶቹ እየደባበሱት ይቆያሉ። ከዚያ ከፊት እግሩ ደም ሥር ፔንቶባርቢታል ይሰጠዋል፤ ልቡም በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማል። ይህ መድኃኒት ካልተገኘ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚሰጠው ሙሉ በሙሉ በማደንዘዣ ራሱን ለሳተ እንስሳ ብቻ ነው፤ ነቅቶ ሳለ መስጠት ጭካኔ ነው። ዓይኑ እንደማይከደን፣ ሽንቱ ሊያመልጥ እንደሚችል፣ ከሞተም በኋላ አንድ ሁለቴ የትንፋሽ ዓይነት እንቅስቃሴ ሊታይ እንደሚችል አስቀድሞ መንገር የሐኪሙ ግዴታ ነው። ያልተነገረው ቤተሰብ ውሻው ተመልሶ የነቃ ይመስለዋል። መሞቱም በልብ ማዳመጫ ይረጋገጣል።

ለልጆች «ገጠር ሄደ» ማለት የተለመደ ነው፤ እውነቱን ሲደርሱበት ግን ሐዘኑ ላይ ቅያሜ ይጨመራል። መሞቱ በግልጽ ቢነገራቸውና ሊያዩት የሚሹም ቢያዩት ይሻላል።

ሬሳው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቆሻሻ ገንዳ አይጣልም። ፔንቶባርቢታል በሥጋው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ የሚበላው ጅብ፣ አሞራና የመንገድ ውሻ ሊሞት ይችላል። ጉድጓዱ ቢያንስ አንድ ሜትር ይጠልቃል፤ ጅብ በሚደርስበት የከተማው ዳርቻ ደግሞ ከላዩ ድንጋይ ይደረደርበታል። የቦሌ ሩዋንዳ ግቢ አብዛኛው በሸክላና በሲሚንቶ የተሸፈነ፣ ቤቱም የኪራይ ስለሆነ፣ ስለ መቀበሪያው ቦታ ሐኪሙ ከመጠራቱ በፊት ከአከራዩ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።