መደብ፣ በርጩማና ነጩ ወንበር፤ በሐዴራ ደጃፎች ስለ መቀመጥ

በሐዴራ ከተማ፣ በተለይም በጊቫት ኦልጋ ሠፈር፣ የበጋ ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ በየደጃፉ ወንበር ይወጣል። አብዛኛው ነጭ ፕላስቲክ ነው። አንዳንዱ እግሩ ተንሻፏል፤ አንዳንዱ ጀርባው ተሰንጥቆ በሽቦ ተጠግኗል። ወጣቶቻችን በዚህ ወንበር ያፍራሉ፤ «ለበረንዳ የሚያምር ነገር» ፍለጋም ከሱቅ ወደ ሱቅ ይዞራሉ። አንባቢዎቻችንም ለዓይንም ለወገብም የሚስማማ የደጃፍ መቀመጫ የቱ እንደሆነ ጠይቀውናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኛ ግን ስለ ስግድ በዓል ስንጽፍ ከምናደርገው ጥንቃቄ ባላነሰ ልንመልሰው ወደድን።

በግእዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ ማለት ነው፤ ኖረ ማለትም ነው። ወንበር የምንለው ቃል «መንበር» ከሚለው የመጣ ሲሆን ሥሩም ይኸው ነው። በዕብራይስጥ «ያሻቭ» የሚለው ግስ እንዲሁ ተቀመጠም ኖረም ይሆናል፤ ሞሻቭ የምንለው መንደርም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። አማርኛችንም ከሁለቱ አልራቀም፤ የሰውን መኖሪያ ስንጠይቅ «የት ነው የሚቀመጡት?» እንላለን። ቄሶቻችን የሚጸልዩበት፣ እኛ የምንነጋገርበትና ልጆቻችን የሚማሩበት ቋንቋ በዚህ ነገር ተስማምተዋል። እንግዲህ አንድ አዛውንት በደጃፉ የሚቀመጥበት ካጣ፣ በሠፈሩ ይኖራል ለማለት በሦስቱም ቋንቋ ያስቸግራል።

በጎንደር ዙሪያ በነበሩት መንደሮቻችን የደጃፍ መቀመጫ መደብ ነበር። ከድንጋይና ከጭቃ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ይሠራል፤ በላዩም ሰሌን ወይም አጎዛ ይነጠፋል። መደብ በቁጥር አይደለም። ሰው ሲመጣ የተቀመጡት «ኖር!» ብለው ብድግ ይላሉ፤ መጪው «በእግዚአብሔር!» ይላል፤ ሁሉም ጠጋ ጠጋ ይልና ቦታ ይገኛል። በሽበት ፊት መነሣት በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 የታዘዘ ነው፤ ቃሉም በዚህ አገር አውቶቡሶች ውስጥ ተጽፎ እናየዋለን። በዘፍጥረት ምዕራፍ 18 አባታችን አብርሃም በቀትር ሙቀት በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ እንግዶች አይቶ ሊቀበላቸው ሮጠ። በምን ላይ ተቀምጦ እንደ ነበር መጽሐፉ አይነግረንም፤ በዚያ ዕድሜው ብድግ ብሎ መሮጥ ከቻለ ግን መቀመጫው ለመነሣት የሚመች ነበር ብለን እንገምታለን።

ሌላው መቀመጫ ሁሉ በሥራው ልክ ነበር። ቡና የምታፈላው በበርጩማ ወይም በዱካ ላይ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፤ እጇ ከምድጃውና ከረከቦቱ እንዳይርቅ ነው። ሸማኔ አባቶቻችን በጉድጓድ አፋፍ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰድደው መርገጫውን ይረግጡ ነበር። ከጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ ሸክላ የሚሠሩ እናቶቻችን ደግሞ መሬት ላይ ይቀመጡ ነበር። ይህን ስንል መደብን ለማወደስ ብቻ አይደለም። መደብ በክረምት ይቀዘቅዛል፤ ቁንጫም አያጣም። ከፍ ያለው ስፍራ የሽማግሌዎች ነበር፤ እናቶቻችን በዚያው ሰዓት ጭስ ውስጥ ነበሩ። ይህን የረሳ የናፍቆት ጽሑፍ ብዙ አንብበናል፤ ራሳችንም ጽፈናል።

በሰሎሞን ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲገቡ፣ ብዙ ሰው ለመጫን ሲባል ከአውሮፕላኖች ወንበር ተነቅሎ ነበር። በአንዱ ጃምቦ ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ተሳፈረ። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የገባነው መሬት ላይ ተቀምጠን ነው። ቀጥሎ የካራቫን ዘመን መጣ፤ የካራቫኑ ደረጃ መደባችን ሆነ። በ1993 ለኢትዮጵያ ዓሊያ ልዩ የቤት መግዣ ብድር ሲፈቀድ ብዙ ቤተሰብ በሐዴራና በሌሎች ከተሞች በሺኩን ሕንፃዎች ውስጥ ቤት ገዛ። በብዙዎቹ አፓርታማዎች ሚርፔሴቱን የቀድሞዎቹ ባለቤቶች አንድ ክፍል ለማትረፍ በመዝጊያ ዘግተውት ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን ወደ ሕንፃው መግቢያ ወረዱ፤ ነጩ ወንበርም አብሯቸው ወረደ።

ለዚህ ወንበር የሚገባውን እንስጠው። አባቱ ሊባል የሚችለውን ባለ አንድ ወጥ ወንበር ሄንሪ ማሶኔ የተባለ ፈረንሳዊ በ1972 አወጣው። የቀለጠ ፕላስቲክ በቅርጽ ውስጥ በኃይል ተገፍቶ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወንበር ሆኖ ይወጣል። በ2017 በጀርመን አገር የሚገኘው የቪትራ የዲዛይን ሙዚየም ስለዚሁ ወንበር ዐውደ ርእይ አዘጋጅቷል። እኛን የሚገርመን ግን ከጅማ በርጩማ ጋር ያለው ዝምድና ነው። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማም ከአንድ የዋንዛ ግንድ ይፈለፈላል፤ ምስማርም ሙጫም አያውቅም። ልዩነቱ በዕድሜ ይታያል፤ በርጩማው ሰው በተቀመጠበት ቁጥር እየለሰለሰና እያበራ ይሄዳል፣ ፕላስቲኩ በሐዴራ ፀሐይ እየደረቀ ይሰነጠቃል። ከሁሉ የሚከፋው እግሩ ነው። አዛውንት ሊነሡ በአንድ ክንዱ ሲደገፉ ወንበሩ በለስላሳ ወለል ላይ ይንሸራተታል። ሆኖም በሐዘን ሰባት ቀን ድንኳን ሲተከል፣ ለመቶ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚደርስልን እርሱ ነው። የሚንቀው ሰው በዚያን ቀን ምን ላይ እንደ ተቀመጠ ያስታውስ።

አሁን «የሚያምር» ወደሚባለው እንምጣ። በሱቆች በብዛት የሚታየው ሸምበቆ መስሎ ከፕላስቲክ የተጠለፈ፣ ወፍራም ትራስ ያለው ሶፋ ነው። ለዓይን እንደሚስብ አንክድም፤ እኛም ገዝተን ነበር። ወርዱ ጥልቅ፣ ቁመቱ ዝቅ ያለ ነው። በመጀመሪያው ሰንበት ማግስት አንዲት እናታችን ለቡና መጥተው ተቀመጡበት፤ ሲነሡ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ሁለት ጎረምሶች ብብታቸውን ይዘው አነሷቸው። እሳቸውም ሳቁ፣ እኛም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ሳምንታት ከደጃችን ቀሩ፤ ሰላምታቸው ከመስኮት ብቻ ሆነ። ነገሩ የገባን ዘግይቶ ነው። ሰውን ቁጭ የሚያደርግ መቀመጫ ሞልቷል፤ በገዛ እጁ የማያስነሣው ግን ያዋርደዋል።

የብረቱን ወንበር የባሕሩ ጨው በጥቂት ክረምት ያዝገዋል። ዥዋዥዌው ለልጆች ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነን ከአገር ቤት በስንት ድካም የመጣ በርጩማ የአበባ ማሰሮ ተሸክሞ በበረንዳ ጥግ ሲቆም ማየት ነው። ቅርስ ነው ይላሉ፤ ማንም ግን አይቀመጥበትም።

የእኛ ፍርድ ለረጅሙ የእንጨት አግዳሚ ነው፤ ጀርባም በሁለቱም ዳር ክንድም ያለው። ቁመቱ ከ45 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ጉልበት የደከመ ሰው ሳይቸገር የሚነሣው ከዚህ ልክ ነው። መቀመጫው ወደ ውስጥ ከ45 ሳንቲ ሜትር አይዝለቅ፤ አለዚያ አጭር ሰው ጀርባውን ሊያስደግፍ አይችልም። ትራሱ ስስና ጠንከር ያለ ቢሆን ይሻላል። እንጨቱ በየዓመቱ ዘይት ይቀባ። ከባሕር ዛፍ ቢሠራ ለታሪክ ደስ ባለን ነበር፤ የሐዴራን ረግረግ ለማድረቅ በባሮን ሮትሽልድ ገንዘብ ባሕር ዛፍ የተተከለው በ1890ዎቹ ነው፤ በዚያው ዘመን በምኒልክ መንግሥት ወደ አዲስ አበባ ገብቷል። ነገር ግን ቶሎ ያደገ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ሶፋውን ሸጠን እንዲህ ያለ አግዳሚ አሠራን፤ አራት ሰው ይይዛል፣ ጠጋ ጠጋ ካሉ አምስት። እናታችንን ልጃችን ሄዳ ለመነቻቸው። አሁን በቀኝ ዳር፣ ክንዱን በሚይዙበት በኩል ይቀመጣሉ፤ ሰው ሲመጣም «ኖር!» ለማለት ብድግ ይላሉ፤ አይነሡ ብንልም አይሰሙንም። በርጩማውን ከአበባው ማሰሮ ሥር አወጣነው፤ ቡና የምታፈላው ልጃችን ትቀመጥበታለች። ነጮቹ ወንበሮች ከግድግዳው ሥር ተደራርበው አሉ።