ፀጉር ቤቱ እንደ መነሻ፦ የ1990ዎቹ የአትላንታ የፀጉር አሠራርና አለባበስ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ አትላንታ በአሜሪካ የሙዚቃ ዓለም ከኒውዮርክና ከሎስ አንጀለስ ጥላ ሥር ነበረች (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። አሥር ዓመቱ ሲያልቅ ግን የጆርጂያዋ ዋና ከተማ የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን፣ ጭፈራና አለባበስ ከሚቀዳባቸው ከተሞች አንዷ ሆና ነበር። ስለዚህ ለውጥ የተጻፈው አብዛኛው ሐተታ በድምፁ ላይ ያተኩራል፤ ፀጉሩንና ልብሱን የዘፈኑ ማድመቂያ አድርጎ በጥቂት መስመር ያልፈዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ የዘመኑን ታላላቅ የልብስ መለያዎች ሲያወጡ፣ አትላንታ ከሁሉ በፊት የነበራት በጥቁሮች እጅ ያደገ የፀጉር ንግድ ነው። በከተማዋ ስማቸው የገነነው ቡድኖችም የተገናኙትና የመጀመሪያ በራቸው የተከፈተላቸው በፀጉር ቤት፣ በመዋቢያ መደብርና በገበያ ማዕከል ውስጥ ነበር።

የዚህ ንግድ ሥር ሩቅ ነው። በ1858 በባርነት የተወለደው አሎንዞ ኸርንደን በአትላንታ ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ሀብት አፈራ። በፒችትሪ ጎዳና የከፈተው ያማረ ፀጉር ቤት የሚያስተናግደው ነጮችን ብቻ ነበር፤ የዘመኑ የዘር መለያየት ጥቁሩን ባለቤት በገዛ ቤቱ ወገኖቹን እንዳያስተናግድ አድርጎት ነበር። ከመቀስና ከምላጭ ባገኘው ገንዘብ በ1905 የመሠረተው የመድን ድርጅት በአገሪቱ ካሉት ትላልቅ የጥቁሮች ኩባንያዎች አንዱ ለመሆን በቃ። በ1947 ደግሞ ናትናኤልና አርተር ብሮነር የተባሉ ወንድማማቾች በስማቸው የሚጠራውን የፀጉር ውጤቶች ድርጅት አቋቋሙ። የጀመሩት የባለሙያዎች ጉባኤም ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሄዶ ከመላ አገሪቱ ፀጉር ሠሪዎች የሚጎርፉበት ትርዒት ሆነ። ትርዒቱ የዕቃ ገበያም፣ የትምህርት መድረክም፣ ባለሙያው እጁን የሚያሳይበት ውድድርም ነው። በዚህ ላይ በ1973 የተመረጠው የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሜይናርድ ጃክሰን ለጥቁር ነጋዴዎች የከፈተው ዕድል፣ እንዲሁም ሞርሃውስ፣ ስፔልማን፣ ክላርክ አትላንታና ሞሪስ ብራውን የተባሉት ጎን ለጎን የቆሙ የጥቁሮች ኮሌጆች ሲታከሉ፣ ለመዘነጥ ዐቅሙም ፍላጎቱም ያለው ሰፊ ወጣት በአንድ ከተማ ተሰበሰበ።

የቡድኖቹ አመሠራረት ይህን በግልጽ ያሳያል። ቲ-ቦዝ በሚል ስም የምትታወቀው ቲዮን ዋትኪንስ በፀጉር ቤት ትሠራ ነበር። ኋላ ቲኤልሲ የተባለው የሦስት ሴቶች ቡድን በዘፋኝዋ በፔብልስ ፊት እንዲፈተን ያበቃው በዚያው ፀጉር ቤት የተገኘ ትውውቅ ነው፤ ፔብልስ በ1989 የላፌስን ሙዚቃ ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ የሆነው የኤል ኤ ሪድ ሚስት ነበረች። አውትካስት የተባለው የሁለት ራፐሮች ቡድን ታሪክም ከዚህ አይርቅም። አንድሬ ቤንጃሚንና አንትዋን ፓተን የተዋወቁት ሌኖክስ ስኩዌር በተባለው የገበያ ማዕከል ነው። በ1992 ችሎታቸውን ለሪኮ ዌድ ያሳዩት ደግሞ ኢስት ፖይንት ውስጥ እሱ ይሠራበት በነበረው የላሞንት መዋቢያ መደብር ደጃፍ ነበር። ዌድ ቀን ቀን የፀጉር ቅባትና ማበጠሪያ ከሚሸጥበት መደብር ይውል ነበር፤ ሙዚቃውን የሚያቀናብረው እናቱ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ አፈር ወለል ባለው ክፍል ነበር። የደቡቡ ሂፕ ሆፕ ታላቅ ቤተሰብ ስሙን ያወጣው ከዚህ ምድር ቤት ነው፤ ደንጀን ፋሚሊ ይባላል።

ሦስተኛው ምሳሌ ለአለባበስ ጥናት የበለጠ ይጠቅማል። በ1991 ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው የሙዚቃ አቀናባሪ ጀርሜን ዱፕሪ ግሪንብራየር በተባለው የገበያ ማዕከል ሁለት ታዳጊዎች አየ፤ ዐይኑን የሳበው ዘፈናቸው ሳይሆን አለባበሳቸውና ሁኔታቸው ነበር። ክሪስ ክሮስ የተባሉት እነዚህ ልጆች በ1992 ባወጡት የመጀመሪያ አልበም ሸሚዙንም ሱሪውንም ከፊት ወደ ኋላ ገልብጠው ለብሰው ብቅ አሉ። የቢልቦርድን ሰንጠረዥ ለ8 ሳምንታት የመራው «ጃምፕ» ልማዳቸውን በየአገሩ አዳረሰው። ዚፑ በጀርባ፣ ኪሱ በፊት የሆነ ሰፊ ጂንስ ለመልበስ አዲስ ልብስ መግዛት አያስፈልግም፤ ያለውን መገልበጥ ይበቃል። የፋሽኑ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ዕድሜውም ያጠረው በዚሁ ምክንያት ይመስላል፤ ከመገልበጥ በኋላ የሚቀጥል ሌላ እርምጃ አልነበረውምና። የልጆቹ በአጭሩ የተጎነጎነ ፀጉር ግን ከልብሱ የበለጠ ዕድሜ አግኝቷል።

ቲኤልሲ በዚያው ዓመት የካቲት ወር የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ የመረጠው አለባበስ ከዚህ የጠለቀ ሐሳብ ነበረው። ሦስቱ ሴቶች በሰውነታቸው ላይ የሚንዘረፈፍ ሱሪ፣ ደማቅ ቀለም ያለው ሰፊ ሸሚዝ፣ ማንጠልጠያና ትልልቅ ኮፍያ አደረጉ። ከሦስቱ አንዷ ሊሳ ሎፐዝ በመነጽሯ ግራ መስታወት ላይ ኮንዶም ለጠፈች፤ ጓደኞቿም በልብሳቸው ላይ ሰኩት። በ1992 በአሜሪካ ከ25 እስከ 44 ዓመት ለሆናቸው ወንዶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት ኤድስ ነበር፤ በሽታውን የሚከታተለው የፌዴራሉ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው አትላንታ ነው። ማዕከሉ በመግለጫ የሚናገረውን እነዚህ ወጣቶች በፊታቸው ላይ ለበሱት። ወላጆችን ያስቆጣውም፣ ለሴት ልጆች ድፍረት የሰጠውም ይኸው ነው። የሴትን ገላ ለገበያ ማቅረብ በተለመደበት ሙያ ውስጥ ገላን ሸፍኖ ስለ ገላ ጤና በግልጽ መናገር፣ በዘመኑ ከታዩት የአለባበስ ምርጫዎች ሁሉ ክብር የሚገባው ነው።

በ1994 መጨረሻ ሁለተኛው አልበም ሲወጣ ሰፊው ሱሪ ቀርቶ «ክሪፕ» በተሰኘው ዘፈን ምስል ላይ የሐር ፒጃማ መጣ። ይህን እንደ ማፈግፈግ፣ ለገበያው እጅ እንደ መስጠት የሚቆጥሩ ተቺዎች አሉ። ፒጃማው ግን ገላን አላጣበቀም፤ ስፋቱ እንዳለ ሆኖ ጨርቁ ብቻ ተለወጠ፣ የሴቶቹም እንደ ልብ የመንቀሳቀስ ነጻነት አልተነካም። እውነተኛው ቅሬታ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። ይህ አልበም በአሜሪካ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የሚቆጠርለት ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ሦስቱ ሴቶች በ1995 የኪሳራ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አቅርበዋል። መልካቸው በየመጽሔቱ ሽፋን ሲሸጥ ገንዘቡ ወደ እነሱ አልደረሰም።

የአሥር ዓመቱን የሴቶች ፀጉር በቅርበት ለማየት ፊንገር ዌቭ የተባለውን ሞገድ መመልከት ይበቃል። መነሻው የ1920ዎቹ ፋሽን ነው፤ በ1990ዎቹ የጥቁር ሴቶች ፀጉር ቤት አዲስ ሕይወት ሰጠው። ፀጉሩ አስቀድሞ በሪላክሰር ይለሰልሳል፤ የዚህ ኬሚካል ጉልበት የፀጉሩን ጥምዝ የያዘውን የሰልፈር ማሰሪያ መበጠሱ ነው፤ ሰዓቱ ካለፈም የራስ ቆዳ ያቃጥላል። ከዚያ ርጥቡ ፀጉር በወፍራም ጄል ይለወሳል። ፀጉር ሠሪዋ አንድ ጣቷን በራስ ቅሉ ላይ አጋድማ ትጫናለች፤ በቀጭን ማበጠሪያ ከጣቷ በታች ያለውን ፀጉር ወደ ቀኝ ትስባለች፤ ጣቷን ዝቅ አድርጋ የሚቀጥለውን ወደ ግራ ትመልሳለች። መስመር በመስመር እየወረደች ሙሉ ራስ ስትጨርስ ደንበኛዋ ካስክ ውስጥ ገብታ ጄሉ እስኪደርቅ ትቀመጣለች። ከካስኩ ስትወጣ ሞገዱ ጠንክሮ ያብረቀርቃል፤ ማታ ማታ በሻሽ ከታሰረ ቀናትን ይሻገራል። የቨርጂኒያዋ ራፐር ሚሲ ኤሊየት በ1997 ይህንኑ ሞገድ በዓለም መድረክ ስታሳየው፣ በደቡብ ከተሞች ለብዙ ሴቶች የቅዳሜ ፀጉር ሆኖ ቆይቶ ነበር።

ከሞገዱ ጎን አጭሩ ቁርጥ ቆመ። ላፌስ ያስፈረማት ቶኒ ብራክስተን በ1993 አልበሟ ሽፋን ላይ ከጆሮ በላይ ተቆርጦ በግንባር ላይ በተበተነ ፀጉር ታየች። የኮሌጅ ፓርኳ ዘፋኝ ሞኒካም በ1995 ገና በአፍላ ዕድሜዋ ስትወጣ አጭር ፀጉር የመለያዋ አካል ነበር። ረጅም ፀጉር የሴት ልጅ ውበት ማረጋገጫ ተደርጎ በሚቆጠርበት ኅብረተሰብ ውስጥ ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም። ሳዱላን፣ ጋሜንና ቁንጮን ለሚያውቅ አንባቢ ነጥቡ ሩቅ አይሆንበትም፤ በኢትዮጵያም የፀጉር አቆራረጥ ዕድሜንና የጋብቻ ሁኔታን ሲናገር ኖሯል። ልዩነቱ፣ በአገር ቤት ምልክቱን የሚወስነው ልማድ ሲሆን በአትላንታ የሚወስኑት ዘፋኝዋና ፀጉር ሠሪዋ ተመካክረው መሆኑ ነው።

ሹሩባ ደግሞ ሌላ ክርክር ይዞ መጣ። በ1981 አንድ የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ የአየር መንገድ ሠራተኛዋ ሬኔ ሮጀርስ ሹሩባ ተሠርታ እንዳትሠራ የከለከለው ደንብ የዘር መድልዎ አይደለም ብሎ ፈርዶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሹሩባን ከተፈጥሮ ያልመጣ፣ በፈቃድ የሚሠራ የፀጉር አያያዝ አድርጎ ቆጠረው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በተለይ ጃኔት ጃክሰን በ1993 በ«ፖየቲክ ጀስቲስ» ፊልም በዊግ የረዘመ ሹሩባ ተሠርታ ከታየች ወዲህ፣ አሠራሩ በየከተማው ተዛመተ። ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። ከአትላንታ በስተምሥራቅ ያለችው ክላርክስተን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ስደተኞች የሚሠፍሩባት ከተማ ስትሆን፣ ኢትዮጵያውያንም ከነዋሪዎቿ ይቆጠራሉ። ለዓመት በዓልና ለሠርግ በእናትና በእኅት እጅ የሚጎነጎን ሹሩባ እዚህ ሲደርስ የፍርድ ቤት ክስ የሚያስነሳና በሰዓት የሚከፈልበት ሙያ ሆኖ ጠበቃቸው።

የወንዶቹን አለባበስ ወደ አደባባይ ያወጣው አውትካስት ነው። በ1994 የመጀመሪያ አልበማቸው ዘመን የቤዝቦሉ ቡድን የአትላንታ ብሬቭስ መለያና ባለ «ኤ» ፊደል ኮፍያ የራሳቸው መታወቂያ ሆነ። በነሐሴ 1995 በኒውዮርክ በተካሄደው የሶርስ መጽሔት ሽልማት ላይ ታዳሚው ሲጮህባቸው አንድሬ ደቡቡም የሚናገረው እንዳለው በአጭሩ መለሰ። ኮፍያው ከስፖርት ደጋፊነት አልፎ የአገር ልጅነት ምልክት መሆኑ ከዚህ ጋር ተያይዞ መታየት አለበት። ብሬቭስ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የአገሪቱን ዋንጫ ሲያነሣ ምልክቱ ይበልጥ ደመቀ።

1996 ለኢትዮጵያውያን የአትላንታን ስም ያተመ ዓመት ነው፤ ፋጡማ ሮባ በማራቶን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቁበት ኦሎምፒክ የተካሄደው እዚያ ነው። ውድድሩ በተዘጋ በሳምንታት ውስጥ የወጣው የአውትካስት ሁለተኛ አልበም ሌላ ፊት ይዞ መጣ፤ አንድሬ ኮፍያውን ጥሎ ራሱን በጥምጥም ጠቀለለ። በ1998 ደግሞ ወደ ዊግና ወደ ደማቅ የመድረክ አልባሳት ተሻገረ። ወንድነትን በሰፊ ሱሪና በቁጡ ፊት ብቻ በሚለካ ሙያ ውስጥ ይህን መድፈር ብዙ ሐሜት አስከትሎበታል። በኋላ የመጡት የአትላንታ ወንድ ዘፋኞች እንደ ልባቸው የለበሱት ግን እሱ በከፈተው መንገድ ነው።

የአሥር ዓመቱ ትልቁ የአለባበስ አደባባይ ፍሪክኒክ ነበር። በ1983 የኮሌጅ ተማሪዎች በጸደይ ዕረፍት ያዘጋጁት ሽርሽር በ1990ዎቹ አጋማሽ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወጣት የሚያጥለቀልቀው የጎዳና ክብረ በዓል ሆነ። መኪናው ተሰልፎ ሲቆም መንገዱ የፋሽን ማሳያ ይሆን ነበር፤ ቁምጣ ጂንስ፣ የታሰረ ሸሚዝ፣ ትልልቅ የወርቅ ሎቲ፣ አዲስ የተሠራ ፀጉር። በእጅ የሚያዝ ቪዲዮ ካሜራም በየሰዉ እጅ ነበር፤ ዛሬ የዚያን ዘመን አለባበስ ለማየት የተረፈው ምስል አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። ይህ ቅርስ ግን ያለ ጥንቃቄ ሊወደስ አይገባም። ብዙ ሴቶች ሳይፈቅዱ ተቀርጸዋል፣ ተጎንትለዋል፣ ጥቃትም ደርሶባቸዋል፤ አለባበሳቸውም ለደረሰባቸው በደል እንደ ማመካኛ ቀርቦባቸዋል። ምስሎቹን እንደ ፋሽን ሰነድ የሚጠቀም ተመራማሪ እነዚህ ሴቶች ፈቃዳቸው ያልተጠየቀ መሆኑን መዘንጋት የለበትም። ከተማዋ መንገድ እየዘጋችና ቁጥጥር እያጠበቀች ሄዳ በ1999 በዓሉ አከተመ።

በዚያው በ1999 ቲኤልሲ ሦስተኛ አልበሙን አወጣ። በሃይፕ ዊሊያምስ የተቀረጸው የ«ኖ ስክረብስ» ምስል ብርማና ነጭ አልባሳትን በጠፈር መርከብ ውስጥ አቀረበ፤ ዘፈኑን ከጻፉት መካከል ኤክስኬፕ በተባለው ሌላ የአትላንታ የሴቶች ቡድን ውስጥ በሰፊ ልብስ የታወቁት ካንዲ በረስና ታሚካ ኮትል ይገኛሉ። ከዚህ በኋላ የጄል ሞገዱ እየቀረ የሚሰፋ ሂውማን ሄር ገበያውን ያዘ። የዕቃ ንግዱም ተለወጠ፤ ዛሬ ጥቁሮች የሚገበዩባቸው የፀጉር ዕቃ መደብሮች በብዛት በኮሪያ አሜሪካውያን እጅ ናቸው። ክሪስ ሮክ በ2009 ያወጣው «ጉድ ሄር» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ይህን ሰንሰለት ተከትሎታል፤ ከብሮነር ወንድማማቾች የአትላንታ ትርዒት የውድድር መድረክ ተነሥቶ፣ ምእመናን ለስእለት ፀጉራቸውን ወደሚላጩበት የደቡብ ሕንድ ቤተ መቅደስ ይዘልቃል፤ ከዚያ የሚሰበሰበው ፀጉር ታጥቦና ተለይቶ ወደ አሜሪካ ፀጉር ቤቶች ይላካል።