ዘሩ ወይስ መሬቱ? ስለ ነቀርሳ ግንድ ሕዋሳት የቀረበ ትችት

በአፍ፥ በጉሮሮና በማንቁርት የሚወጣው ነቀርሳ ወይም ካንሰር በቀዶ ጥገናና በጨረር ከታከመ በኋላ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ሲያቆጠቁጥ ይታያል። ምክንያቱን ለማስረዳት ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ የግንድ ሕዋሳት ትምህርት ነው። ይኸውም በዕጢው ውስጥ ካሉት ሕዋሳት ጥቂቶቹ ብቻ ራሳቸውን እየተኩ ሌሎቹን ይወልዳሉ፤ እነዚህ ካልጠፉ በሽታው ከሥሩ አይነቀልም ማለት ነው። ሐሳቡ የሚማርክ መሆኑን አንክድም። ዳሩ ግን የቆመበትን መሠረት ሳይመረምሩ መቀበል ለተማሪ የሚገባ አይደለም።

ለዚህ ነቀርሳ ዋና ማስረጃ ሆኖ የሚጠቀሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ፕሪንስና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ነው። ከሕሙማን ዕጢ ሕዋሳትን ወስደው፥ ሲዲ 44 የተባለው ፕሮቲን ያለባቸውን ከሌለባቸው ለይተው፥ የመከላከያ ኃይላቸው በደከመ አይጦች ገላ ውስጥ አስገቧቸው። አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 10 የማይሞሉት ባለ ሲዲ 44 ሕዋሳት አዲስ ዕጢ ሲያበቅሉ፥ ሌሎቹ ሳያበቅሉ ቀሩ።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር እንነቅፋለን። አንደኛ፥ ሲዲ 44 የነቀርሳ ብቻ ምልክት አይደለም፤ በጤናማው የአፍና የጉሮሮ ሽፋን ላይም ይገኛል። ስለዚህ በእርሱ ላይ የሚያነጣጥር መድኃኒት ጤናማውንም እንዳይጎዳ ያሠጋል። ሁለተኛ፥ አንድ ሕዋስ በአይጥ ገላ ውስጥ አለመብቀሉ መካንነቱን አያስረዳም። በ2008 ኪንታናና ባልደረቦቹ ሜላኖማ የተባለውን የቆዳ ነቀርሳ መረመሩ። ቀድሞ ከሚሊዮን አንድ ያህል ብቻ ይበቅላል ሲባል የነበረው ሕዋስ፥ የመከላከያ ኃይላቸው ይበልጥ በተዳከመ አይጦችና በተሻሻለ ዘዴ ሲሞከር ከአራቱ አንዱ ያህል በቀለ። የሜላኖማው ውጤት ለጉሮሮ ነቀርሳ እንዳለ ይሠራል አንልም። ዘሩ ያው ሳለ መሬቱ ሲለወጥ ቁጥሩም እንደሚለወጥ ግን አስተምሮናል።

ይህ አስተያየት አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲፈን ፓጄት በ1889 የነቀርሳን መዛመት በዘርና በመሬት መስሎ ጽፎ ነበር። የዘሪውን ምሳሌ ከልጅነታችን የሰማን ሁሉ፥ በጭንጫ ላይ የወደቀው ዘር የደረቀው ዘሩ መጥፎ ሆኖ እንዳልነበረ እናውቃለን። በ2010ም ክሪሽናሙርቲና ባልደረቦቹ፥ በራስና በአንገት ነቀርሳ ግንድ የሚባሉት ሕዋሳት አብዛኞቹ ከደም ሥር በ100 ማይክሮሜትር ክልል ውስጥ እንደሚገኙ አሳዩ። የዕጢውን የደም ሥር ሽፋን ሕዋሳት ለይተው ባጠፉ ጊዜ የግንዶቹም መጠን ቀነሰ።

እንግዲህ ግንድነት የሕዋሱ የብቻ ጠባይ ሳይሆን ከሥፍራው ጋር የተያያዘ ነገር ይመስለናል። ሥፍራው ሳይነካ ግንዱ ብቻ ቢገደል፥ ሌላው ሕዋስ በቦታው ተተክቶ ግንድ እንዳይሆን ምን ያግደዋል? ምላሱን ወይም ድምፁን አጥቶ ዳንሁ ለሚል ሕመምተኛ ጥያቄው የቃላት ክርክር አይደለም። ስለዚህ ጓደኞቻችን ወደ ፊት «ግንድ ሕዋስ ተገኘ» የሚል ጽሑፍ ሲያነቡ፥ በየትኛው መሬት ላይ ተዘርቶ እንደ በቀለ አስቀድመው እንዲጠይቁ እናሳስባለን።