ለገና ምሽት የሚሆን የፍቅር ልብ ወለድ

ሁለት ወጣቶች ተዋውቀው፣ ተኮራርፈው፣ በሽማግሌ ታርቀው የሚጋቡበትን ቀለል ያለ ልብ ወለድ ማናናቅ የተለመደ ነው። እኔ ግን ለገና ከእሱ የተሻለ መጽሐፍ የለም ባይ ነኝ። ታኅሣሥ 29 የሚመጣው ከኅዳር 15 ጀምሮ የቆየው ጾም ሲፈታ፣ አዝመራውም ሲሰበሰብ ነው፤ ሰቆጣና የዋግ ደጋ ላይ ደግሞ የወሩ ብርድ ሰውን በጊዜ ወደ ቤት ያስገባል። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሄድ አንዱ ጮክ ብሎ ቢያነብ፣ ፊደል ያልቆጠሩት እማማ ሳይቀሩ «አሁን ይቺ ምን ሆንኩ ብላ አኮረፈች?» እያሉ ይፈርዳሉ። ከባድ መጽሐፍ ይህን ጨዋታ አይፈቅድም።

«ቁም ነገር የለውም» የሚል አይጠፋም። እርግጥ በ1958 የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በሠርግ አያልቅም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም ስንቱን አስለቅሷል። ታላቅነቱን ማን ይክዳል? ግን በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣ፤ ሐያሲም ለአንድ ምሽት ቢታገሥ ምን አለበት! መልካም ፍጻሜ ውሸት ነው የሚለው ሙግት ደግሞ ጭራሽ አያሳምንም። ዋግ ድርቅንም ጦርነትንም ያየ አገር ነው፤ ያም ሆኖ ነሐሴ 16 ሲደርስ ልጃገረዶቹ ሻደይ የሚባለውን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ይጨፍራሉ፣ ጎረምሳውም ከዳር ቆሞ ዓይኑን ይጥላል፣ ከዚያም ሽማግሌ ይላካል። ይህን የሚጽፍ ደራሲ ያየውን ነው የጻፈው።